ፖሊፕ ከትልቁ አንጀት ከወጣ በኋላ፦ ሥጋትና የክትትል ምርመራ

በትልቁ አንጀት ወይም በፊንጢጣ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትርፍ ሥጋ ፖሊፕ ይባላል። መጠኑ ከምስር ፍሬ ከሚያንስ ጀምሮ ቀይ የቡና ፍሬ እስከሚያክልና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። አብዛኞቹ ፖሊፖች ወደ ካንሰር አይለወጡም። ሆኖም የአብዛኛው የትልቁ አንጀት ካንሰር መነሻ ፖሊፕ ነው፤ ለውጡም ብዙውን ጊዜ ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የሚፈጅ አዝጋሚ ሂደት ነው። በኮሎኖስኮፒ ምርመራ ወቅት ፖሊፕ ተገኝቶ ሲወጣ ይህ ሂደት ገና በጅምሩ ይቋረጣል።

ይህ መረጃ ፖሊፕ ለወጣላቸው ታካሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው፣ በተለይም በማጂ፣ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በአካባቢያቸው ለሚኖሩ ተገልጋዮች የተዘጋጀ ነው። ከእነዚህ አካባቢዎች ለኮሎኖስኮፒ ሪፈር የሚጻፍለት ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። ከሚዛን አማን እስከ አዲስ አበባ ያለው የመኪና መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለማጂ ነዋሪ ደግሞ እስከ ሚዛን ያለው መንገድ ይታከልበታል። መርማሪው ሐኪም በአንድ ስፍራ፣ ታካሚው በሌላ ስፍራ ስለሚሆኑ «ካንሰር ነበር ወይ? እንደገና ይበቅል ይሆን? መቼ ልመለስ?» የሚሉት ጥያቄዎች ከታካሚው ጋር ወደ ቤት ይመለሳሉ። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው በሁለት ወረቀቶች ላይ ነው፦ በኮሎኖስኮፒ ሪፖርቱና በፓቶሎጂ ውጤቱ። ታካሚው ሁለቱንም በእጁ ይዞ ወደ አገሩ ቢመለስ ከሥጋቱ ብዙው በዚያው ይቃለልለታል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ፖሊፕ ከወጣ በኋላ መጠነኛ የሆድ መነፋትና በሰገራ ላይ ጥቂት የደም ምልክት ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሊታይ ይችላል። ይህ በራሱ አሳሳቢ አይደለም። ብዛት ያለው ወይም የረጋ ደም መውጣት፣ እየባሰ የሚሄድ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የሆድ መጠንከር፣ ትኩሳት፣ ራስን መሳት ግን ድንገተኛ ሕክምና የሚሹ ምልክቶች ናቸው። የደም መፍሰሱ ምርመራው ከተደረገ ከቀናት በኋላ፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ሊከሰት ስለሚችል፣ ከሆስፒታል ሲወጡ ደህና መሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ምልክቱ የታየበት ሰው ፖሊፑ ወደ ወጣበት ሆስፒታል ለመመለስ ጊዜ ሳያጠፋ በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል፣ ለምሳሌ በሚዛን አማን ወደሚገኘው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል፣ መሄድና ፖሊፕ እንደወጣለት አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል።

ትልቅ ፖሊፕ የወጣለት ታካሚ ወደ ሩቅ ወረዳ ከመመለሱ በፊት ስንት ቀን በከተማ መቆየት እንዳለበት ሐኪሙን ቢጠይቅ ይበጃል። በእነዚህ ሳምንታት የቡና ጆንያ መሸከምና የመሳሰለው ከባድ ሥራ ለሌላ የቤተሰብ አባል ቢተው ይመረጣል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን መቼ እንደሚቀጥል በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ። በማደንዘዣ ወይም በማስታገሻ መድኃኒት የተመረመረ ሰው ለ24 ሰዓት ሞተር ሳይክል አይንዳ፤ ውልም አይፈርም።

የፓቶሎጂ ውጤቱ ምን ይላል?

የወጣው ፖሊፕ ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ተልኮ በአጉሊ መነጽር ይመረመራል። ውጤቱ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ታካሚው ከሆስፒታሉ ሳይወጣ ውጤቱን ማን እንደሚቀበልለት መወሰን ይኖርበታል፤ በከተማው የሚኖር ዘመድ ካለ ስሙን አስመዝግቦ መውጣት አንዱ መንገድ ነው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ በሚዛን ወይም በቴፒ ያለ ሐኪም እንዲያብራራው ማድረግ ይቻላል። ለመረዳት የሚያስፈልጉት ቃላት ጥቂት ናቸው።

«ሃይፐርፕላስቲክ» የተባለ ትንሽ ፖሊፕ፣ በተለይ በፊንጢጣ አካባቢ የተገኘ፣ ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። «አዴኖማ» እና «ሴሬትድ» የሚባሉት ሳይወጡ ቢቆዩ ከጊዜ በኋላ ወደ ካንሰር ሊለወጡ የሚችሉ ናቸው፤ ክትትል የሚያስፈልገውም በእነርሱ ምክንያት ነው። ወረቀቱ ላይ «ሎው ግሬድ ዲስፕላዥያ» የሚል ሐረግ ያነበቡ ታካሚዎች ብዙ ጊዜ ይደነግጣሉ። ሐረጉ የሕዋሳቱ ቅርጽ በመጠኑ መለወጡን ይገልጻል፤ አዴኖማ የሚባል ፖሊፕ ሁሉ ቢያንስ ይህን ያህል ለውጥ አለው፤ ስለዚህ አዲስ መጥፎ ዜና አይደለም። «ሃይ ግሬድ» የሚለው ለውጡ የገፋ መሆኑን ያሳያል፤ ቢሆንም ወራሪ ካንሰር ማለት አይደለም። በፖሊፑ ውስጥ ካንሰር መኖሩ በግልጽ ከተጻፈ ግን ጉዳዩ ከዚህ መረጃ ውጭ ነው፤ ታካሚው ሳይዘገይ የቀዶ ሕክምናና የካንሰር ባለሙያ ማየት አለበት።

ብዙ ጊዜ የማይነሳ ሌላም ነገር አለ። በኢትዮጵያ በብዙ ስፍራ የሚገኘው የአንጀት ቢልሃርዚያ አንጀትን በማስቆጣት ፖሊፕ የሚመስል እብጠት ሊፈጥር ይችላል። በናሙናው ውስጥ የቢልሃርዚያ እንቁላል ከተገኘ ሕክምናው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ሲሆን፣ ቀጣዩ ክትትል ከአዴኖማ ክትትል የተለየ ነው። ስለዚህ «ፖሊፕ ነበረብኝ» ከማለት ይልቅ የትኛው ዓይነት እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል።

ክትትሉ መቼ ነው?

የቀጣዩ ኮሎኖስኮፒ ጊዜ የሚወሰነው በፖሊፑ ዓይነት፣ በቁጥርና በመጠን ነው። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሕክምና ማኅበራት የጋራ ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ምክር መሠረት አንድ ወይም ሁለት ከ10 ሚሊ ሜትር ያነሱ ተራ አዴኖማዎች ለወጡለት ሰው ቀጣዩ ምርመራ ከ7 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ሦስት ወይም አራት ትንንሽ አዴኖማዎች ከሆኑ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። ከ5 እስከ 10 አዴኖማ የተገኘበት፣ ወይም 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም «ቪለስ» የሚባል ቅርጽ አልያም ሃይ ግሬድ ለውጥ ያለው አዴኖማ የወጣለት ሰው በ3 ዓመት ይመለሳል። ከ10 በላይ አዴኖማ ከተገኘ አንድ ዓመት፣ 20 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ፖሊፕ በቁርጥራጭ ከወጣ ደግሞ ስድስት ወር ነው። የአውሮፓ የኢንዶስኮፒ ማኅበር በዚያው ዓመት ያወጣው መመሪያ በአንዳንዱ ነጥብ ይለያል፤ ለምሳሌ ከአንድ እስከ አራት ትንንሽ ተራ አዴኖማ ለወጣለት ሰው የተለየ ክትትል አያስፈልግም ይላል። ሁለት ሐኪሞች ሁለት የተለያየ ቀጠሮ ቢሰጡ አንዱ ተሳስቷል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መገንዘብ ይቻላል። እነዚህ ቁጥሮች የሐኪምን ውሳኔ አይተኩም። ከሁሉ በፊት አንጀቱ በደንብ ጸድቶ እስከ መጨረሻው መታየቱ በሪፖርቱ መረጋገጥ አለበት፤ ጽዳቱ በቂ ካልነበረ ምርመራው በአንድ ዓመት ውስጥ መደገም ይኖርበታል።

ሥጋት የበረታበት ሰው «ቶሎ ቶሎ ብመረመር አይሻልም?» ብሎ መጠየቁ የሚጠበቅ ነው። ጥያቄው በጥናት ተፈትሿል። በአሜሪካ አዴኖማ የወጣላቸው 1,418 ሰዎች በዕጣ በሁለት ተከፍለው አንዱ ቡድን በአንደኛውና በሦስተኛው ዓመት፣ ሌላው በሦስተኛው ዓመት ብቻ ተመረመረ። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው ውጤት በሁለቱም ቡድኖች አሳሳቢ ደረጃ የደረሰ ለውጥ የተገኘባቸው 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። ተጨማሪው ምርመራ ያመጣው ጥቅም አልታየም። ኮሎኖስኮፒ ራሱ አልፎ አልፎ የአንጀት መበሳትና የደም መፍሰስ ሊያስከትል የሚችል፣ ገንዘብና ረጅም ጉዞ የሚጠይቅ ምርመራ ነው። በዚያው ጥናት ስር የተከታተሏቸው ሰዎች በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ መጠናቸው ለንጽጽር ከተወሰዱት ቡድኖች ከ76 እስከ 90 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የቀነሰው ጉልህ ቢሆንም ዜሮ አይደለም፤ ቀጠሮ የሚሰጠውም ለዚሁ ቀሪ ዕድል ነው።

የቀጠሮው ዓመተ ምሕረት

በኢትዮጵያ ለማኅጸን በር ካንሰር እንዳለው ዓይነት የተደራጀ አገር አቀፍ ልየታ ለትልቁ አንጀት ካንሰር ስለሌለ፣ ቀጠሮው ሲደርስ ታካሚውን የሚጠራ አካል አይኖርም። ቀኑን የሚጠብቀው ታካሚው ራሱ ነው። እዚህ ላይ ቀላል የሚመስል ነገር ግን ከባድ መዘዝ ሊኖረው የሚችል ስሕተት አለ። የሕክምና ወረቀቶች አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፋሉ። «ማርች 2027» ተብሎ የተሰጠ ቀጠሮ በእኛ አቆጣጠር የካቲት ወይም መጋቢት 2019 ዓ.ም. ነው። ወረቀቱን የያዘ ሰው 2027 የሚለውን ቁጥር እንዳለ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢወስደው ምርመራው ስምንት ዓመት ይዘገያል፤ ይህም ፖሊፕ ወደ ካንሰር ለመለወጥ ሊበቃው የሚችል ጊዜ ነው። የሁለቱ አቆጣጠሮች ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ታካሚው ከሐኪሙ ክፍል ሳይወጣ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወሩን ጨምሮ ማስጻፍ፣ ዕድሜው ለደረሰ ልጅ ወይም ለትዳር ጓደኛው መንገር፣ ወረቀቱንም ከመሬት ይዞታ ደብተርና ከመሰል ሰነዶች ጋር ማስቀመጥ ይኖርበታል። የወረቀቶቹን ፎቶግራፍ በስልክ አንስቶ ለአንድ ዘመድ መላክም ዋጋ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

ወሩ ሲመረጥ የአካባቢውን ኑሮ ማገናዘብ ይፈቀዳል። የሦስት ዓመት ቀጠሮ በጥቂት ሳምንታት ቢገፋ ወይም ቢቀድም ጉዳት የለውም፤ ስለዚህ ከቡና ለቀማ በኋላ ያለውን፣ መንገዱ ደረቅ የሆነበትንና እጅ ላይ ገንዘብ የሚገኝበትን ጊዜ መምረጥ ይቻላል። የስድስት ወርና የአንድ ዓመት ቀጠሮ ግን እንዲህ ያለ ማስተላለፍ አይመችም።

ሥጋት

ፖሊፕ የወጣለት ሰው ሥጋት በሦስት ጊዜያት ይበረታል፦ የፓቶሎጂ ውጤት በሚጠበቅባቸው ሳምንታት፣ ሆድ ባመመ ቁጥር፣ የቀጠሮው ወር ሲቃረብ። ሥጋቱ የድክመት ምልክት አይደለም፤ ስለ ካንሰር ያለን ልማድ በራሱ ያባብሰዋል። በብዙ ቤተሰብ የበሽታው ስም በግልጽ አይጠራም፤ የፊንጢጣ ነገር ደግሞ ነውር ተደርጎ ይታያል። በዚህ የተነሳ ታካሚው ለብቻው ያብሰለስላል።

ትናንሽ ፖሊፖች በአብዛኛው ምንም ምልክት እንደማያሳዩ ማወቅ ብዙዎችን ያሳርፋል። ይህ መጀመሪያ ሲሰሙት የሚያስፈራ ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን የተቃራኒው ነው። የሆድ መነፋትን፣ የሆድ ጩኸትን ወይም የአንድ ቀን ድርቀትን የፖሊፕ መመለስ አድርጎ መተርጎም መሠረት የለውም፤ ሆድን በየማለዳው መዳሰስም ሆነ ሰገራን በየዕለቱ መመርመር ለቀጠሮው የሚጨምረው ነገር የለም። ከቀጠሮ በፊት ወደ ሕክምና የሚያስኬዱት ምልክቶች ውሱን ናቸው፦ በሰገራ ውስጥ ደም፣ ሳምንታት የዘለቀ የሰገራ ልማድ መለወጥ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ፣ የደም ማነስ። ከእነዚህ አንዱ የታየበት ሰው በጤና ጣቢያ «አሜባ ነው» ወይም «ኪንታሮት ነው» ተብሎ መድኃኒት ቢሰጠው እንኳ ፖሊፕ ወጥቶለት እንደነበር መናገርና ምልክቱ ካልጠፋ መመለስ አለበት። በጤና ጣቢያ የሚደረገው የጥገኛ ትላትል የሰገራ ምርመራ ፖሊፕን አያሳይም፤ ውጤቱ «ነፃ» መባሉ ኮሎኖስኮፒን አይተካም።

«ምን በልቼ ነው?» የሚለው ጥያቄም ሌላው የሥጋት ምንጭ ነው። የፖሊፕ ምክንያት አንድ ምግብ አይደለም። ዕድሜ፣ የቤተሰብ ታሪክ፣ ሲጋራ፣ አልኮል፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ድርሻ አላቸው፤ አረቄና ሲጋራ ማቆም ጥቅሙ ከአንጀት ያልፋል። በቡና አገር ለሚነሳው ጥያቄ ደግሞ መልሱ የሚያረጋጋ ነው፦ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባደረገው ግምገማ ቡና መጠጣት ካንሰር ያመጣል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም።

ጠበል የሚጠመቅ ወይም በዱዓ የሚጽናና ሰው ይህን ከቀጠሮው ጋር አጣምሮ መያዝ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ለአንድ የሚታመን ሰው፣ ለንስሐ አባት፣ ለታላቅ ወንድም ወይም እህት፣ ጉዳዩን በስሙ ጠርቶ መንገር ብቻውን የሚያቀልለው ሸክም አለ። ሥጋቱ እንቅልፍ ከነሳ፣ የምግብ ፍላጎት ከዘጋ፣ ከሥራ ካስቀረ ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ ዕለት ዕለት ከቀጠለ ግን ምክር ብቻ አይበቃም፤ በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ባለሙያ መታየት ያስፈልጋል። ጭንቀትና ድብርት የሚታከሙ ሕመሞች ናቸው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ልጆች፣ ወንድሞችና እህቶች

የአዴኖማ ታሪክ የቤተሰብንም ጤና ይመለከታል። ትልቅ ወይም ለውጡ የገፋ አዴኖማ የተገኘበት፣ ይልቁንም የትልቁ አንጀት ካንሰር የታወቀበት ሰው ልጆች፣ ወንድሞችና እህቶች በ40 ዓመታቸው ወይም ዘመዳቸው በታወቀበት ዕድሜ ላይ 10 ዓመት ቀንሰው፣ ከሁለቱ በሚቀድመው፣ እንዲመረመሩ ይመከራል። በአንድ ሰው ላይ በርካታ ፖሊፕ መገኘቱ ወይም በአንድ ቤተሰብ በለጋ ዕድሜ የታመሙ መኖራቸው በዘር የሚተላለፍ ችግርን ሊያመለክት ስለሚችል ለሐኪም መነገር አለበት። መንገሩ ዘመድን ማስደንገጥ መስሎ የሚታያቸው አሉ፤ ነገር ግን ዘመዱ ሳያውቀው ከሚያልፈው ዕድል አንጻር ድንጋጤው ትንሽ ዋጋ ነው።

ለቀጣዩ ምርመራ መዘጋጀት

የምርመራው ጥራት በአንጀቱ ንጽሕና ይወሰናል። ከሁለት እስከ ሦስት ቀን አስቀድሞ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ኑግ፣ ፍሬ ያላቸው ፍራፍሬዎች፣ ጎመንና ጥራጥሬ ይቀራሉ፤ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ እንቁላልና የተላጠ ድንች ይፈቀዳሉ። በዋዜማው የሚወሰደው ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ነው፦ ውኃ፣ ወተት የሌለው ሻይ፣ የተጠለለ የሥጋ መረቅ፣ ወተት የሌለው ቡና። በአካባቢው ከቡና ቅጠልና ከቅመማ ቅመም ተደባልቆ የሚጠጣው ግን ጥርት ያለ ስላልሆነ ለዚያ ቀን ይቆይ። የማጽጃው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ግማሹ በዋዜማው ማታ፣ ግማሹ በምርመራው ማለዳ ይወሰዳል። ኮሶ ወይም ሌላ የባህል ማስቀመጫ በምትኩ መውሰድ አይገባም፤ ሰውነትን ሊጎዳ ይችላል፤ አንጀቱም ለምርመራ በሚበቃ መጠን አይጸዳም። የብረት እንክብል፣ የስኳር ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ እንዲሁም ጾም ላይ ያለ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ይህ መድኃኒት በአውቶቡስ ላይ ሊወሰድ አይችልም። ስለዚህ ከማጂ ወይም ከቴፒ የሚነሳ ታካሚ ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ ከተማው ገብቶ፣ መጸዳጃ ቤት በቅርብ ባለበት ማረፊያ መቆየት አለበት። ከእርሱ ጋር አንድ አስታማሚ ያስፈልጋል። ከመነሳቱ በፊትም በስልክ ሁለት ነገር ያጣራል፦ ቀጠሮው መጽናቱንና የኮሎኖስኮፒ መሣሪያው እየሠራ መሆኑን።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ታካሚ መታወቂያው መታደሱን አረጋግጦ ከጤና ጣቢያው ጀምሮ የሪፈር ሰንሰለቱን ጠብቆ መሄድ ይኖርበታል፤ ደረጃውን ዘልሎ የሄደ አባል ወጪውን ከኪሱ የመሸፈን ግዴታ ሊመጣበት ይችላል። ሪፈሩ ሲጻፍ የቀድሞው የኮሎኖስኮፒ ሪፖርትና የፓቶሎጂ ውጤት ቅጂ ከወረቀቱ ጋር ይያያዝ። ወረቀቱ የጠፋበት ታካሚ ምርመራው የተደረገበትን ሆስፒታል የመዝገብ ክፍል በካርድ ቁጥሩ ወይም በስሙና በቀኑ ቅጂ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል።